ዕቃው በእጁ ያለው ሰው፦ ጀማሪዎች በሊኑክስ የዩኤስቢ ድራይቨር ሥራ

ሹመይሲ በሪያድ ከተማ መሃል፣ ከባጣ ገበያ በስተምዕራብ የሚገኝ ነባር ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ አብዝቶ የሚነሣው በ1956 ከተቋቋመውና በይፋ የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ ከሚባለው፣ ሕዝቡ ግን ዛሬም «ሹመይሲ ሆስፒታል» ከሚለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ጋር ነው። በዚህ ሰፈርና በዙሪያው ባሉ አሮጌ መንደሮች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞች ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ከከፊሉ (ከአሠሪ ዋሱ) ጋር ለተሳሰረ፣ ከቤት ቤትም ለሚዘዋወር ተከራይ ቋሚ የኢንተርኔት መስመር ማስገባት ቀላል ባልነበረበት ዘመን፣ ኤስቲሲ፣ ሞባይሊና ዜይን የሚሸጡት፣ ሲም ካርድ የሚገባበትና ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጠው የዩኤስቢ ሞደም ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኝ ዋና መሣሪያ ነበር። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በገባው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ኔትወርኩን ሲያስፋፋ፣ ሕዝቡ በደፈናው «ኢቪዲኦ» የሚለው ሞደም በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ ተሰክቶ ይታይ ነበር። (በዚህ ዘገባ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ሲሰካ የሚሠራው፣ አንድ ሰው ለዚያ ዕቃ የሚስማማ ፕሮግራም አስቀድሞ ስለጻፈለት ነው። ፕሮግራሙ ድራይቨር ይባላል፤ የሚኖረውም ከርነል በሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ከርነል ሜሞሪን የሚያከፋፍል፣ ፕሮግራሞችን በተራ የሚያሠራ፣ ከዲስክ፣ ከስክሪንና ከመሰኪያዎች ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ክፍል ሲሆን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በ1991 የጀመሩት ሊኑክስ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ከርነሎች አንዱ ነው። ሊኑክስ ክፍት ምንጭ ነው ሲባል፣ ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ ማንም ሊያነብበው፣ ሊለውጠውና የለወጠውን ሊያሰራጭ ይችላል፤ ያሰራጨ ሰውም ኮዱን አብሮ የመስጠት ግዴታ አለበት ማለት ነው። አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ በዚሁ ከርነል ላይ የቆሙ በመሆናቸው፣ የሊኑክስን ስም ሰምቶ የማያውቅ የሹመይሲ ነዋሪ እንኳ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

የከርነሉ ኮድ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት፤ ከዚህም እጅግ ሰፊውን ቦታ የያዙት ድራይቨሮች ናቸው። በዓለም ገበያ ላይ ያሉትን የዩኤስቢ ዕቃዎች ሁሉ ገዝቶ መሞከር የሚችል ኩባንያ ወይም ግለሰብ ግን የለም። ኮዱን የሚጠብቁት ባለሙያዎች ድራይቨር የሚያጸድቁላቸውን ዕቃዎች አብዛኞቹን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። በዚህ ምክንያት ሥራው ሁለት ዓይነት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ኮዱን የሚያውቅ፣ ሌላው ዕቃው በእጁ ያለው። ሁለተኛው ሰው ጀማሪ ቢሆንም ያለ እርሱ የማይሆን ነገር አለ። ጀማሪዎች በዩኤስቢ በኩል ወደ ከርነል ሥራ የሚገቡበት መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፊ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ስለ ጉዳዩ የሚሰጡ ገለጻዎች ግን ይህን ነጥብ ብዙ ጊዜ ዘለውት ያልፋሉ።

ሳይጠየቅ የማይናገር ዕቃ

የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ በጃንዋሪ 1996 ሲወጣ ዓላማው ለኪቦርድ፣ ለማውስ፣ ለማተሚያና ለሞደም የነበሩትን የተለያዩ መሰኪያዎች በአንድ መተካት ነበር። ይህ እንዲሆን ኮምፒውተሩ የተሰካበት ነገር ምን እንደሆነ ዕቃውን ራሱን መጠየቅ መቻል ነበረበት። ሞደሙ ሲሰካ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ኤሌክትሪካዊ ነው፤ ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች በአንዱ ላይ ያለች የ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር የሽቦውን ቮልቴጅ ከፍ ታደርጋለች፤ ኮምፒውተሩም የትኛው ሽቦ ከፍ እንዳለ በማየት አንድ ነገር መሰካቱንና የፍጥነት ወገኑን ይረዳል። ከዚያ ዕቃውን ወደ መነሻ ሁኔታው ይመልሰዋል። አዲስ የተሰካ ዕቃ ሁሉ ለጊዜው ዜሮ አድራሻ ስለሚይዝ፣ ከርነሉ በዚያ አድራሻ ጠርቶ ማንነቱን መጠየቅ ይጀምርና ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ቋሚ አድራሻ አድርጎ ይሰጠዋል።

በአዲሱ አድራሻ ሲጠየቅ ዕቃው 18 ባይት ርዝመት ያለው መግለጫ ይልካል። በመግለጫው ውስጥ ከሚገኙት መካከል የአምራቹ ቁጥርና የምርቱ ቁጥር ዋነኞቹ ናቸው። ሁዋዌ በተለመደው አሥርዮሽ አቆጣጠር 4817፣ ዜድቲኢ ደግሞ 6610 ነው፤ ከርነሉ የሚያውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በነዚህ ቁጥሮች ነው። በዚህ ሁሉ ሂደት ዕቃው በራሱ ተነሣሥቶ አንድም ቃል አይልክም። በጨዋ ቤት ታናሽ ሳይጠየቅ እንደማይናገር ሁሉ፣ ኪቦርድ እንኳ ቁልፍ በተጫኑት ቁጥር የሚናገር ቢመስልም፣ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሺህኛ ሰከንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ስለሚጠይቀው ነው።

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ከርነሉ ድራይቨር ይፈልግለታል። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ድራይቨር የሚያስተናግዳቸውን ዕቃዎች ቁጥር የያዘ ሰንጠረዥ አለው። ቁጥሩ የገጠመለት ድራይቨር ይጠራና «ይህን ዕቃ ትቀበላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከተቀበለ የዕቃው ኃላፊ ይሆናል። ዕቃው ሲነቀልም ያው ድራይቨር የያዘውን ሁሉ ለቆ እንዲወጣ ይነገረዋል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚጽፋቸው ሁለቱ ተግባራት እነዚህ መቀበያውና መሰናበቻው ናቸው። በመካከላቸው የሚደረገው የመረጃ ዝውውር በአራት መንገድ ይከናወናል። ዕቃውን ለማዘዝ የሚያገለግል የቁጥጥር መንገድ አለ፤ ኪቦርድና ማውስ የሚጠቀሙበት፣ በየተወሰነ ጊዜ የሚጠየቅ መንገድ አለ፤ ፍላሽ ዲስክና ሞደም ብዙ መረጃ የሚያሳልፉበት የጅምላ መንገድ አለ፤ ካሜራና ማይክሮፎን የሚጠቀሙበት፣ ጥቂት መረጃ ቢጠፋም ጊዜውን የማያሳልፍ አራተኛ መንገድም አለ። በአራቱም መንገድ ድራይቨሩ ጥያቄውን በአንድ ጥቅል አድርጎ ለከርነሉ የዩኤስቢ ክፍል ያስረክባል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይጠራል። ይህ የመልስ ጥሪ የሚመጣው ኮዱ ቆሞ መጠበቅ በማይፈቀድለት ቅጽበት በመሆኑ፣ በዚያ ቦታ ሜሞሪ እስኪገኝ ድረስ የሚያስጠብቅ ትእዛዝ መጻፍ ጀማሪዎች አዘውትረው ከሚሠሯቸው ስሕተቶች አንዱ ነው።

ኮዱ ከየት መጣ

ሊኑክስ የዩኤስቢ ድጋፍ ያገኘው ከሌሎች ዘግይቶ ነው። ከቶርቫልድስ በፊት ኢናኪ ፔሬዝ ጎንዛሌዝ የጀመሩት ሰፋ ያለ ሙከራ ነበር፤ ቶርቫልድስ ግን በ1999 ቀለል ያለ የራሳቸውን ጻፉና በ2.2.7 የከርነል እትም አወጡት። መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ማውስና ኪቦርድን የመሳሰሉ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ቢሆንም፣ አነስተኛ መሆኑ ሌሎች እየጨመሩበት እንዲሄዱ አስቻላቸው። ለዓመታት የዩኤስቢውን ክፍል የሚመሩት ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ለተማሪ ታስቦ የተዘጋጀ «አጽም» ድራይቨር ጽፈው በከርነሉ ውስጥ አኑረዋል። ይህ ድራይቨር ለአንድም እውነተኛ ዕቃ አልተሠራም፤ የሚገኘው አንድ ጀማሪ ገልብጦት ቁጥሩን ቀይሮ ለራሱ ዕቃ እንዲያለማው ነው። በ2005 የታተመውና ክሮህ-ሃርትማን ከጆናታን ኮርቤትና ከአሌሳንድሮ ሩቢኒ ጋር ያዘጋጁት የሊኑክስ ድራይቨር መጽሐፍ ሦስተኛ እትም ለዩኤስቢ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ መጽሐፉም በነጻ ይነበባል። የከርነሉ ውስጣዊ ስሞች ከዚያ ወዲህ ብዙ ስለተለወጡ ኮዱን እንዳለ መገልበጥ ባይጠቅምም፣ የአስተሳሰቡ መሠረት ግን ዛሬም አልተናጋም።

በጃንዋሪ 2007 ክሮህ-ሃርትማን ለኩባንያዎች ያልተለመደ ጥሪ አቀረቡ። የዕቃቸውን ቴክኒካዊ መግለጫ የሚሰጥ ኩባንያ ሁሉ የሊኑክስ ድራይቨር በነጻ እንደሚጻፍለት፣ ምሥጢር የመጠበቅ ውል ቢያስፈልግም እንደሚፈረምለት አስታወቁ። ለጥሪው ብዙ ፕሮግራመሮች በፈቃደኝነት ተመዘገቡ፤ ነገር ግን ሥራ የሚፈልጉት ሰዎች ድራይቨር ከሚፈልጉት ዕቃዎች በዙ። ይህ ውጤት ከጥሪው ራሱ ይልቅ አስተማሪ ነው፤ እጥረቱ የኮድ ጸሐፊ ሳይሆን ስለ ዕቃው ያለ እውቀትና ዕቃውን በእጁ ይዞ የሚሞክር ሰው መሆኑን አሳይቷልና። በ2009 ሴጅ ሻርፕ የጻፉት ኮድ በ2.6.31 እትም ሲወጣ፣ ሊኑክስ በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያሳልፈውን ዩኤስቢ 3.0 በመደገፍ ከሌሎች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ቀደመ። ሻርፕ በኋላ በዘርፉ ውክልናቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎችን ወደ ክፍት ምንጭ ሥራ የሚያስገባውን አውትሪቺ የተባለ የልምምድ መርሐ ግብር ከሚያስተባብሩት አንዱ ሆነዋል።

ራሱን የሚሰውር ሞደም

የሞደሙ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ሰፋ ብሎ መነገር አለበት፤ በሹመይሲ ክፍሎችም ሆነ በአዲስ አበባ ቢሮዎች የነበረ ችግር ከመሆኑም በላይ የጀማሪዎችን ትብብር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አምራቾቹ ገዢው ተጨማሪ ዲስክ እንዳያስፈልገው ብለው የዊንዶውስ ፕሮግራማቸውን በሞደሙ ውስጥ ባለ ሜሞሪ ላይ አኖሩት። ስለዚህ ሞደሙ ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን የሚያስተዋውቀው «የሲዲ ማጫወቻ ነኝ» ብሎ ነው። በዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ለዕቃው አንድ ልዩ ትእዛዝ ይልካል። ዕቃው ማንም ሳይነካው እንደተነቀለ ሆኖ ከመስመሩ ይጠፋል፤ ወዲያውም፣ ብዙውን ጊዜ በሌላ የምርት ቁጥር፣ ሞደም ሆኖ ይመለሳል። በሊኑክስ ላይ ግን ትእዛዙን የሚልክለት ስላልነበረ ሲዲ ሆኖ ይቀር ነበር። የከርነሉን መዝገብ የከፈተ ተጠቃሚ ስለ ሞደም አንድም መስመር ሳያገኝ አዲስ ሲዲ መገኘቱን የሚያበሥር ጽሑፍ ብቻ ያነብባል።

መፍትሔው የተገኘው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ዮሱዋ ዲትዘ የጻፉት፣ ዩኤስቢ ሞድስዊች የተባለውና ያንን ልዩ ትእዛዝ የሚልከው ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ሞደም ምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሚፈልግ በአምራቾቹ ሰነድ ላይ አልተጻፈም ነበር። በየአገሩ ሞደሙን የገዙ ሰዎች በዊንዶውስ ላይ የሚተላለፈውን መረጃ እየቀዱ፣ ከመጥፋቱ በፊት የተላከችውን የመጨረሻ ትእዛዝ ለይተው እያወጡ ላኩላቸው፤ የፕሮግራሙ እውቀት የተጠራቀመውም እንዲህ ነው። ሁለተኛው ደረጃ በከርነሉ ውስጥ ያለው ኦፕሽን የተባለው ድራይቨር ነው። ስሙን ያገኘው ሞደም ይሠራ ከነበረ የቤልጂየም ኩባንያ ሲሆን፣ ማቲያስ ኡርሊክስ በ2005 ለዚያ ኩባንያ ካርድ የጻፉት ድራይቨር ዛሬ የሁዋዌን፣ የዜድቲኢንና የብዙ ሌሎችን ሞደም ያስተናግዳል። ፋይሉን የከፈተ ሰው ከ2,000 በላይ መስመር ያገኛል፤ ከዚህ ግን አብዛኛው የአምራችና የምርት ቁጥር ዝርዝር ነው። የማሰቡን ሥራ የሚሠራው ኮድ በጥቂት ገጽ ያልቃል።

ያ ረጅም ዝርዝር በአመዛኙ አንድ ወይም ሁለት መስመር ከላኩ ሰዎች የተሰበሰበ ነው፤ ለብዙዎቹም ይህ በከርነሉ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። አንድ ሰው የገዛው ሞደም በዝርዝሩ ከሌለ፣ ኮድ ከመጻፉ በፊት ከርነሉ በሚሰጠው መንገድ ቁጥሩን ለድራይቨሩ ለጊዜው ነግሮ መሞከር ይችላል። ከሠራለት ቁጥሩን ወደ ሰንጠረዡ የሚጨምር ፓች ያዘጋጃል። ፓች የሚባለው ከኮዱ የትኛው መስመር እንደወጣና የትኛው እንደገባ ብቻ የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ ነው። ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። ዛሬ የዚህ ክፍል ኃላፊ የሆኑት ዩሃን ሁቮልድ እንዲህ ያለ ፓች ሲደርሳቸው የዕቃውን ሙሉ መግለጫ ይጠይቃሉ፤ አንድ ሞደም ብዙ መገናኛዎች በአንድ አካል ውስጥ ስለሚይዝና ከመካከላቸው አንዱ የኔትወርክ፣ ሌላው የዲስክ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦፕሽን የእርሱ ያልሆነውን ጭምር ከያዘ የሌላውን ድራይቨር ሥራ ያበላሻል። ሦስተኛው መገናኛ ምን ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም፤ የሚገኘው ዕቃው የተሰካበት ላፕቶፕ ላይ ነው። በተለቀቁ እትሞች ላይ እርማት ብቻ የሚቀበሉት የተረጋጉ የከርነል እትሞች ደንብም አዲስ የዕቃ ቁጥርን በግልጽ ስለሚፈቅድ፣ የአንድ ጀማሪ አንድ መስመር ቀደም ብለው ወደ ወጡ እትሞች ሳይቀር ይደርሳል።

ሲነቀል የሚፈርስ ኮድ

ከቁጥር መጨመር ወደ እውነተኛ ድራይቨር መጻፍ የሚያልፍ ጀማሪ የሚገጥመው ዋና ፈተና መነቀል ነው። ዲስክ ወይም የስክሪን ካርድ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ከውስጡ አይወጣም፤ ዩኤስቢ ግን በማንኛውም ቅጽበት ሊነቀል ይችላል። በጋራ ክፍል ውስጥ አንዱ መረጃ ሲያወርድ ሌላው ስልኩን ለመሙላት ገመዱን ይመዝዛል። በዚያች ቅጽበት አንድ ፕሮግራም ዕቃውን ከፍቶ መልስ እየጠበቀ ይሆናል፤ የተላከ ጥያቄም በመንገድ ላይ ይሆናል፤ ድራይቨሩም የተረከበውን ሜሞሪ ለመልቀቅ ይጣደፋል። ሜሞሪው ከተለቀቀ በኋላ የዘገየው መልስ መጥቶ እዚያው ላይ ቢጽፍ ከርነሉ ሊቆም ይችላል፤ ከዚያም የባሰው፣ ተንኮለኛ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ቀዳዳ ይከፈታል። የክሮህ-ሃርትማን አጽም ድራይቨር ዋና ትምህርትም እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃውን የሚጠቀሙትን ሁሉ እየቆጠረ፣ የመጨረሻው ተጠቃሚ እስኪወጣ ሜሞሪውን እንዴት ማቆየት እንደሚቻል ያሳያል።

ይህን ዓይነት ችግር ብቻውን ሆኖ የሚፈታ ጀማሪ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሥራው በተፈጥሮው ይከፋፈላል። ዕቃው ያለው ሰው ፒት ዛይትሴቭ በጻፉት ዩኤስቢሞን በተባለው መሣሪያ ከርነሉ ከዕቃው ጋር የተለዋወጠውን ጥያቄና መልስ ሁሉ ቀድቶ ይልካል። ሌላው ቅጂውን መስመር በመስመር እያነበበ ዕቃው የቱ ላይ መልስ እንዳቆመ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ፓቹን ይጽፋል፤ ዕቃው ያለው ሰው ደግሞ አዲሱን ከርነል አስነሥቶ ይሞክራል። ሪያድና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ስለሚጋሩ፣ በሹመይሲ ሞደም የያዘና በባሕር ዳር ኮድ የሚያነብ ሰው ከሥራ በኋላ ያለውን ማታ አብረው ሊሠሩበት ይችላሉ። ፓቹ ሲጸድቅ የሁሉም ስም በከርነሉ ታሪክ ላይ ይሰፍራል፤ ችግሩን ያመለከተው፣ የመረመረው፣ የሞከረውና የጻፈው ለየብቻ ይመዘገባሉ። መሞከር ከመጻፍ ያነሰ ሥራ ተደርጎ በስውር አይቀበርም፤ ይህ አሠራር ሊመሰገን ይገባዋል።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሮውላንድ ኢንስቲትዩት ባልደረባ የሆኑት አለን ስተርን የዩኤስቢ ክፍልን ከሚጠብቁት ነባር ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። ብዙ ባለሙያዎች «ሰነዱን አንብብ» ብለው በሚያልፉት የጀማሪ ጥያቄ ላይ ሰፋ ያለና ደረጃ በደረጃ የሚሄድ መልስ በመስጠት ይታወቃሉ። የትብብሩ ባሕል በደንብ ብቻ አልተገነባም፤ ጊዜያቸውን በሚሰጡ እንዲህ ባሉ ሰዎችም ቆሟል። በ2014 የተጀመረውና 20 የሥራ ደረጃዎች የነበሩት ኢውዲፕቱላ ቻሌንጅ የተባለው የልምምድ መርሐ ግብርም በአምስተኛው ደረጃው የሚጠይቀው፣ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሲሰካ በራሱ የሚነሣ ሞጁል እንዲጻፍ ነበር፤ ሞጁል ማለት ከርነሉ እየሠራ ሳለ የሚጨመርና የሚወጣ የኮድ ክፍል ነው። ይህ የጻፉት ኮድ በገዛ እጅ ለተሰካ ነገር መልስ ሲሰጥ የሚታይበት ደረጃ ነበር።

ስለ ኪቦርድ ከተነሣ አንድ የግዕዝ ፊደል ጉዳይ ሳይነካ አይታለፍም። ለአማርኛ የተለየ የኪቦርድ ድራይቨር ያስፈልጋል ብለው የሚያስቡ ጀማሪዎች አሉ፤ አያስፈልግም። የዩኤስቢ ኪቦርድ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቁልፉን ቁጥር ነው፤ ላቲኑ «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ ለምሳሌ ሁልጊዜ 4 ቁጥርን ይልካል፤ በቁልፉ ላይ «ሀ» ቢለጠፍበትም ቁጥሩ አይለወጥም። ቁጥሩ ወደ «አ» ወይም ወደ ዐረብኛው ፊደል የሚለወጠው ከከርነሉ በላይ ባለ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የተካተተው በ1999፣ ማለትም ቶርቫልድስ የዩኤስቢ ኮዳቸውን በጻፉበት ዓመት ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ሄደው ዛሬ በአንድ ኪቦርድ ላይ ይገናኛሉ።

ዕቃ ለሌለው

ዕቃ መግዣ የሌለው ጀማሪም አልተተወም። በከርነሉ ውስጥ ደሚ ኤችሲዲ የተባለ፣ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ የዩኤስቢ መሰኪያ አለ። በዚህ መሰኪያ ኮምፒውተሩ አስተናጋጅም ዕቃም ሆኖ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። የደኅንነት ተመራማሪው አንድሬይ ኮኖቫሎቭ ይህንኑ መሣሪያ ተጠቅመው፣ የተዛባ መግለጫ የሚልኩ የውሸት ዕቃዎችን በፕሮግራም እየፈጠሩ ለከርነሉ አቀረቡ፤ በኖቬምበር 2017 በዩኤስቢው ክፍል ያገኟቸውን 14 ተጋላጭነቶች ይፋ አደረጉ። አብዛኞቹ ችግሮች የመነጩት ድራይቨሩ ዕቃውን ከመጠን በላይ ስላመነ ነው፤ መግለጫው ሁለት መገናኛ አለኝ ሲል ሁለተኛው በእርግጥ መኖሩን ሳያጣራ የሚሄድ ኮድ በብዙ ቦታ ነበር። ዛሬ የጉግል ሲዝቦት የተባለ ሥርዓት ይህን ፍተሻ ሌትና ቀን ያካሂዳል፤ ችግር ሲያገኝ ችግሩን የሚደግም ፕሮግራም ጨምሮ ያሳውቃል፤ አንድ ጀማሪ የመፍትሔ ፓች በኢሜይል ሲልክለትም ከርነሉን ገንብቶ፣ ሞክሮ ውጤቱን ይመልስለታል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለውና አንድ ሙሉ ከርነል መገንባት ሰዓታት የሚወስድበት ሰው በዚህ እጅግ ይጠቀማል። የሊኑክስ ፋውንዴሽን ባልደረባና ዩኤስቢን በኔትወርክ የሚያሳልፈው ድራይቨር ጠባቂ የሆኑት ሹአ ካን የሚያስተባብሩት የከርነል ልምምድም ተማሪዎችን ወደዚህ ሥራ ይመራል።

እንቅፋት የለም ማለት ግን እውነትን መሸፈን ነው። በጁላይ 2024 የተጀመረው የኢትዮጵያ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር እንደ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ፕሮግራም ባሉ የላይኛው ሽፋን ትምህርቶች ላይ ያተኩራል፤ ከርነልን የሚነካ ትምህርት የሚፈልግ ወጣት በአብዛኛው በራሱ ነው የሚማረው። ከፓስፖርትና ከኢቃማ ነጻ ነው የሚባለው ይህ ሥራም ከዓለም ፖለቲካ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም፤ በኦክቶበር 2024 በማዕቀብ ሕግ ምክንያት በርከት ያሉ ከሩሲያ ጋር የተያያዙ የኮድ ጠባቂዎች ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ፓች የሚልክ ሁሉ ኮዱን የማበርከት መብት እንዳለው በስሙ ይፈርማል፤ ከ2023 ወዲህ ደንቡ በመታወቂያ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ሰውየው የሚታወቅበትን ማንነት ስለሚጠይቅ፣ በአባት ስም ለሚጠራው ኢትዮጵያዊም የቤተሰብ ስም የግድ አይሆንበትም።

ከሁሉ የከበደው ቋንቋ ነው። ፓች የሚያጅበው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ኃላፊዎቹም ኮዱን ከማየታቸው በፊት የሚያነቡት ማብራሪያውን ነው። ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ፣ በየትኛው ዕቃ ላይ እንደታየ፣ እንዴት እንደተሞከረ በአጭርና በግልጽ ያልተነገረበት ፓች ኮዱ ትክክል ቢሆንም ይመለሳል። በከርነሉ ሰነዶች ውስጥ የቻይንኛ፣ የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛ፣ የጣሊያንኛና የስፓኒሽ ትርጉሞች ተቀምጠዋል፤ አማርኛ የለም፤ ዐረብኛም የለም። ይህ ጉድለት በሪያድም ሆነ በአዲስ አበባ የሚገኙ ጀማሪዎች በጋራ ሊሞሉት የሚችሉት፣ ላፕቶፕ እንጂ ሞደም የማይጠይቅ ሥራ ነው። ትርጉም የሚገባው እንደ ድራይቨሩ በፓች ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረውም «ወደ ከርነል ሥራ እንዴት መግባት ይቻላል» ከሚለው ሰነድ ሲሆን፣ የሚላከው ለሰነዶቹ ኃላፊ ለጆናታን ኮርቤት፣ ከ2005ቱ የድራይቨር መጽሐፍ ሦስት ደራሲዎች ለአንዱ ነው።